የካይሮ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች፦ ወንበሩን ማን ሰጠ? መምህሩንስ ማን ጠበቀ?

በ2024 የካይሮ ዩኒቨርሲቲ አመራር ከፍልስፍና ምሁሩ ከፕሮፌሰር ሙሐመድ ዑስማን አል-ኹሽት ወደ ሕግ ምሁሩ ወደ ፕሮፌሰር ሙሐመድ ሳሚ ዐብዱስ-ሳዲቅ ተላልፏል። ሹመቱ የጸናው በሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ውሳኔ ነው። በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩት ምሁራን ለማንም ድምፅ አልሰጡም፤ ሕጉም ይህን አይጠይቃቸውም። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ግን እነዚሁ መምህራን መሪያቸውን በተወካዮቻቸው በኩል ይመርጡ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ መሪ በምርጫ ይምጣ ወይስ በሹመት የሚለው ጥያቄ በግብፅ ምሁራን ዘንድ እልባት አላገኘም። በምርጫ የሚያምኑት ወገኖች ነጻነት የሚገኘው ከድምፅ ነው ይላሉ። ሹመትን የሚደግፉት ደግሞ ምርጫ መምህራንን በቡድን ይከፋፍላል፣ መሪውንም የመራጮቹ ባለዕዳ ያደርገዋል ሲሉ ይከራከራሉ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የዩኒቨርሲቲው ታሪክ ግን ለሁለቱም ወገን ሙሉ በሙሉ አይመሰክርም። በሹመት መጥተው ለመንግሥት እምቢ ያሉ መሪዎች ነበሩ፤ በምርጫ መጥተው የመምህራንን መብት የሚነካ ውሳኔ ያሳለፉም አልጠፉም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተቋሙ በዲሴምበር 1908 ሲከፈት የመንግሥት ንብረት አልነበረም። በእንግሊዝ ቁጥጥር ሥር በነበረችው ግብፅ ከባለ ርስቶች፣ ከሕግ ባለሙያዎችና ከሌሎች የአገሪቱ ታዋቂ ሰዎች በተዋጣ ገንዘብ የቆመ ነበር፤ በዐረብኛም «አል-ጃሚዓ አል-አህሊያ»፣ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ፣ ይባል ነበር። የመጀመሪያው መሪው ግን የገዢው ቤተሰብ አባል ነበሩ፤ ኋላ ሱልጣን፣ ከዚያም ንጉሥ የሆኑት ልዑል አሕመድ ፉአድ። እህታቸው ልዕልት ፋጢማ ኢስማዒልም ለዩኒቨርሲቲው መሬትና የራሳቸውን ጌጣጌጥ ሰጥተዋል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለማስተማር ከአውሮፓ ከመጡት ሊቃውንት አንዱ ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን ናቸው። ሊትማን በ1906 በአክሱም ጥንታዊ ቅርሶች ላይ የተካሄደውን የጀርመን የጥናት ጉዞ የመሩ፣ ግዕዝን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የአክሱምን የድንጋይ ጽሑፎች ያነበቡት እኚህ መምህር በካይሮ ትምህርት ሲሰጡ ካዳመጧቸው መካከል ከአል-አዝሃር የመጣ አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ይገኝ ነበር። ይህ ወጣት በ1914 ዩኒቨርሲቲው የሰጠውን የመጀመሪያ የዶክትሬት ማዕረግ የተቀበለው ጣሃ ሑሴን ነው። የዩኒቨርሲቲው አመራር ታሪክ ኋላ በዚህ ሰው ዙሪያ እንደሚጠመዘዝ በወቅቱ ማንም ሊገምት አይችልም ነበር።

በ1925 ዩኒቨርሲቲው በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። የግለሰቦች መዋጮ የሕክምና፣ የሕግና የሳይንስ ፋኩልቲዎችን ሊሸከም አይችልም ነበርና ውሳኔው ከችግር የመነጨ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ከግምጃ ቤት ሲመጣ ትእዛዙም በዚያው መንገድ መከተሉ አልቀረም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ መሪ ሆነው የተሾሙት አሕመድ ሉጥፊ አስ-ሰይድ ናቸው። ሉጥፊ የሕግ ሰውና «አል-ጀሪዳ» የተባለው ጋዜጣ አዘጋጅ የነበሩ፣ የአርስቶትልን ሥራዎች ወደ ዐረብኛ የመለሱ ጸሐፊ ነበሩ። ግብፃውያን እስከ ዛሬ «ኡስታዝ አል-ጂል»፣ የትውልዱ መምህር፣ ይሏቸዋል።

የሉጥፊ አካሄድ ድምፅ ሳያሰሙ መሥራት ነበር። የዩኒቨርሲቲው ደንብ በሩ ለ«ግብፃውያን» ክፍት ነው ይላል። ሉጥፊና ዲኖቹ ይህ ቃል ሴቶችንም ያጠቃልላል ብለው ተስማሙ፤ ጉዳዩን ለጋዜጣም ሆነ ለክርክር ሳያወጡ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሴት ተማሪዎችን ተቀበሉ። ተቃውሞ ሲነሣ ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹም በ1933 ተመረቁ።

ይሁን እንጂ ሉጥፊን ከቤተ መንግሥትና ከካቢኔ የራቁ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ይሆናል። በ1928 ዩኒቨርሲቲውን ትተው የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል፤ የገቡበትም ካቢኔ ፓርላማውን ያገደው የሙሐመድ ማሕሙድ ካቢኔ ነበር። በ1930 ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመለሱ መንግሥት እንዴት እንደሚሠራ ከውስጡ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያደረጉት ነገር ክብደት ያገኘውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1932 ግብፅን የሚመሩት የ1923ቱን ሕገ መንግሥት የሻሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ኢስማዒል ሲድቂ ነበሩ። መንግሥት ለተወሰኑ የፖለቲካ ሰዎች የክብር ዶክትሬት እንዲሰጥ ፈለገ። የአደብ ፋኩልቲ ዲን የነበሩት ጣሃ ሑሴን እምቢ አሉ። ጣሃ ከዚያ በፊትም በ1926 ስለ ጃሂሊያ ዘመን ግጥም በጻፉት መጽሐፍ ምክንያት ከአል-አዝሃር ዑለማዎችና ከፓርላማ አባላት ከባድ ተቃውሞ የገጠማቸው ሰው ናቸው። የመጽሐፉን ይዘት በሚመለከት ዑለማዎች የሰጡት ምላሽ ራሱን የቻለ የዕውቀት ክርክር ነው። የ1932ቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። በማርች መጀመሪያ የትምህርት ሚኒስትሩ ሒልሚ ዒሳ ዲኑን ከዩኒቨርሲቲው አንሥተው በሚኒስቴሩ ውስጥ ወዳለ ሥራ አዛወሯቸው። የዩኒቨርሲቲው መሪ አልተጠየቁም፤ ምክር ቤቱም አልመከረበትም።

ሉጥፊ ማርች 9 ቀን መልቀቂያቸውን አስገቡ።

ይህ መልቀቂያ በዕለቱ ያስገኘው ነገር አልነበረም። ጣሃ ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም፤ ሲድቂም አልወደቁም። ፍሬው የታየው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1935 መንግሥት ተለውጦ ሉጥፊ እንዲመለሱ ሲጠየቁ ያቀረቡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ምክር ቤት ሳይስማማ አንድም መምህር ከዩኒቨርሲቲው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እንዳይዛወር ሕጉ እንዲሻሻል። የእርሳቸው ሥልጣን ይስፋ አላሉም፤ የቀጣዩ መሪ አመራረጥ ይለወጥም አላሉም። በሹመት ወጥተው በሹመት ተመለሱ፤ ይዘውት የመጡት ግን ከእርሳቸው በታች ላለው መምህር የሚሆን ጥበቃ ነበር። በ1937 እንደገና ለቀው ካቢኔ ገቡ፤ በ1938 ተመልሰው እስከ 1941 መሩ። ከዚህ ሁሉ መውጣትና መግባት ታሪክ አጉልቶ የያዘው የ1932ቱን መልቀቂያ ነው።

ከእርሳቸው ቀጥሎ የመጡት ስመ ጥሩ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዐሊ ኢብራሂም ናቸው። በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲው በንጉሡ ስም የፉአድ ቀዳማዊ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከ1952ቱ የመኮንኖች አብዮት በኋላ፣ በ1953 ነው።

አብዮቱ ያመጣው ግን አዲስ ስም ብቻ አልነበረም። በ1954 የጸደይ ወራት በመኮንኖቹ መካከል ሽኩቻ በተነሣ ጊዜ በርካታ መምህራን ሠራዊቱ ወደ ጦር ሰፈሩ ይመለስ የሚል አቋም ወሰዱ። ገማል ዐብደናስር አሸናፊ ሆነው ሲወጡ በሴፕቴምበር ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ውሳኔ ከዩኒቨርሲቲዎች ተባረሩ፤ ሃያሲው ሉዊስ ዐወድም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ሉጥፊ በ1935 ያስገቡት አንቀጽ የተጻፈው አንድን ዲን ከወንበሩ ለሚያነሣ ሚኒስትር ነው፤ ራሱ ሕግ አውጪ ለሆነ የአብዮት ምክር ቤት አልነበረም።

ዛሬም ድረስ የግብፅን ዩኒቨርሲቲዎች የሚገዛው መሠረታዊ ሕግ የ1972ቱ ሕግ ቁጥር 49 ነው። በዚህ ሕግ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሚሾመው በሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ነው፤ ዘመኑ አራት ዓመት ሲሆን ሊታደስም ይችላል። ለመምህራን የቀረላቸው የፋኩልቲ ዲኖችን መምረጥ ነበር፤ እርሱንም በ1994 የወጣ ማሻሻያ ወሰደባቸው።

በዚህ ሥርዓት የዩኒቨርሲቲው ወንበር ወደ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን የሚያደርስ ደረጃ እየሆነ መጣ። ከ1993 እስከ 1997 የመሩት ሙፊድ ሺሃብ ከዚያ በቀጥታ የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል። ከሁሉም የሚገርመው የሱፊ አቡ ጣሊብ ጉዞ ነው። የሕግ ታሪክ ምሁር የነበሩት አቡ ጣሊብ ዩኒቨርሲቲውን ከ1975 እስከ 1978 መርተው የፓርላማ አፈ ጉባኤ ሆኑ። ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት በኦክቶበር 6 ቀን 1981 ሲገደሉ ሕገ መንግሥቱ በሚያዝዘው መሠረት አፈ ጉባኤው ሥልጣኑን ተረከቡ፤ ሑስኒ ሙባረክ ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ ለስምንት ቀናት ግብፅን የመሩት እኚህ የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ናቸው። አቡ ጣሊብ በአፈ ጉባኤነታቸው የሸሪዓን ድንጋጌዎች በዘመናዊ የሕግ አንቀጾች የማደራጀቱን ሰፊ ሥራ አስተባብረዋል። ረቂቆቹ ተጠናቀቁ፤ ነገር ግን ለድምፅ ሳይቀርቡ መደርደሪያ ላይ ቀሩ። በፊቅህና በሕግ ጥናት ለተሰማሩ ሰዎች ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ርእስ ሊሆን የሚችል ነው።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ፕሮፌሰሮች ስለ ዩኒቨርሲቲ ነጻነት የሚሟገት ቡድን ሲያቋቁሙ «የማርች 9 ንቅናቄ» ብለው ጠሩት፤ ሉጥፊ የለቀቁበት ዕለት ከ70 ዓመት በኋላ ስም ሆነ። የንቅናቄው ሰዎች ትልቁ ድል የተገኘው በአደባባይ ሳይሆን በችሎት ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ፖሊሶች በግቢ ውስጥ በቋሚነት መቀመጣቸው የዩኒቨርሲቲን ነጻነት ይጥሳል ብለው ከሰሱ፤ የበላይ አስተዳደር ፍርድ ቤትም በኦክቶበር 2010 ፈረደላቸው። ከሦስት ወር በኋላ የጃንዋሪ 25 አብዮት ፈነዳ።

ከአብዮቱ በኋላ መምህራንና ተማሪዎች በሙባረክ ዘመን የተሾሙ አመራሮች እንዲነሡ ጠየቁ፤ ዲኖችና ፕሬዚዳንቶችም በምርጫ የሚመጡበት ሥርዓት ተዘረጋ። በ2013 የካይሮ ዩኒቨርሲቲን ወንበር በምርጫ ያገኙት የሕገ መንግሥት ሕግ ፕሮፌሰሩ ጃቢር ነሳር ናቸው። የጀመሩበት ወቅት እጅግ የከፋ ነበር። ፕሬዚዳንት ሙሐመድ ሙርሲ ከሥልጣን ከተነሡ በኋላ ደጋፊዎቻቸው ከሰፈሩባቸው ሁለት አደባባዮች አንዱ አን-ነህዳ በዩኒቨርሲቲው ዋና በር ፊት ለፊት የሚገኘው ነው፤ ሰልፉም በኦገስት 14 ቀን 2013 ብዙ ደም ፈስሶበት ተበትኗል። በኤፕሪል 2014 በግቢው አቅራቢያ የፈነዱ ቦምቦች አንድ ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን ገድለዋል።

ነሳር በዚሁ ጊዜ የ2014ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው የ50ዎቹ ኮሚቴ ዘጋቢም ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 መንግሥት ለዩኒቨርሲቲዎች ነጻነት ዋስትና እንደሚሰጥ ይደነግጋል። በጃንዋሪ 2014 ጸደቀ። በጁን ደግሞ ፕሬዚዳንት ዐብዱልፈታሕ አስ-ሲሲ የ1972ቱን ሕግ አሻሽለው ምርጫውን አስቀሩ፤ አንድ ኮሚቴ ሦስት ዕጩዎችን ያቀርባል፣ የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንትም ከሦስቱ አንዱን ይሾማል። በሁለቱ ሰነዶች መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ዓመት እንኳ አይሞላም። የማሻሻያው ደጋፊዎች በግቢዎቹ የነበረውን ግጭትና የቡድን ፉክክር በምክንያትነት ያቀርባሉ፤ ግጭቱ በእርግጥ ነበር። ለግጭት መፍትሔው ለምን የመምህራንን ድምፅ በዘላቂነት ማስቀረት እንደሆነ ግን አጥጋቢ ማብራሪያ አልተሰጠም።

ከዚህ ላይ የምርጫ ደጋፊዎችም ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ። ነሳር የተመረጡ መሪ ነበሩ። በ2015 መኸር ሴት መምህራን ኒቃብ ለብሰው እንዳያስተምሩ የከለከሉትም እርሳቸው ናቸው። የቀረበው ምክንያት በመምህርና በተማሪ መካከል ያለውን መግባባት የሚመለከት ነበር፤ በተለይ የቋንቋ ትምህርት ተጠቅሷል። ክልከላው የነካቸው ዲግሪያቸውን በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያገኙ፣ ዓመታት ያስተማሩ ሴቶችን ነው። በኒቃብ ፍርድ ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም እንዳላቸው የታወቀ ነው። ጥያቄው ግን አንዲት መምህርት ዋጂብ ነው ብላ የያዘችው አለባበስ ከክፍሏ የሚያስወጣት ከሆነ የሚያዳምጣት ማን ነው የሚለው ነበር። የምርጫው ድምፅ ለእነዚህ መምህራን መጠለያ አልሆነም። ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በጃንዋሪ 2016 የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ፣ በ2020 ደግሞ የበላዩ ፍርድ ቤት ለዩኒቨርሲቲው ፈረዱ። ብዙኃን የመረጡት መሪ የጥቂቶችን መብት ሲነካ የምርጫ ሣጥኑ መልስ የለውም። በዚህ ረገድ በምርጫ በመጣና በሹመት በመጣ መሪ መካከል ያለው ልዩነት ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

ልዩነቱ የት እንዳለ በግልጽ የታየበት አጋጣሚ በጃንዋሪ 2020 በካይሮ የተከናወነው የአል-አዝሃር ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ አስተሳሰብ ተጅዲድ ጉባኤ ነው። ነሳርን በ2017 የተኩት አል-ኹሽት በመድረኩ ላይ የቀደመውን የዕውቀት ውርስ ማደስ ሳይሆን አዲስ የሃይማኖት አስተሳሰብ መገንባት ያስፈልጋል የሚል ንግግር አደረጉ። የአል-አዝሃር ታላቅ ኢማም ሼኽ አሕመድ አጥ-ጠይብ እዚያው መልስ ሰጡ። እንዲህ ባለ ጉባኤ ላይ የሚቀርብ ንግግር አስቀድሞ ተጽፎና ተጠንቶ መምጣት እንዳለበት አሳሰቡ፤ ቱራስ የሚባለው ውርስም አንድን ኡማ በዓለም ፊት ያቆመ ኃይል እንደነበረ አስረዱ። ምልልሱ በመላው የዐረብ ዓለም ተሰራጨ፤ አድማጩም የሚወድደውን ወገን እየያዘ ተከፋፈለ።

ከይዘቱ ባሻገር ግን የሁለቱ ሰዎች አቀማመጥ ትኩረት የሚሻ ነው። ሼኽ አጥ-ጠይብ ከ2003 ጀምሮ የአል-አዝሃር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩ፣ በ2010 ታላቅ ኢማም የሆኑትም በሙባረክ ውሳኔ ተሹመው ነው። የመጡበት በር አል-ኹሽት ከመጡበት የተለየ አልነበረም። ከአብዮቱ በኋላ ግን ሕጉ ተለወጠ፤ ታላቁ ኢማም ከከፍተኛ ዑለማዎች ጉባኤ አባላት መካከል እንዲመረጥ ተደነገገ፣ የ2014ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 7ም ሊሻር እንደማይችል በግልጽ አሰፈረ። በመሆኑም በዚያ መድረክ ላይ አንደኛው ተናጋሪ ማንም ሊያነሣው የማይችል ሰው ነበር፤ ሌላኛው የአራት ዓመት ዘመኑ ሲያልቅ መታደሱን ከሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት የሚጠብቅ ነበር። አንድ ሕገ መንግሥት ለአል-አዝሃር መሪ የማይሻር ወንበር ሰጥቶ ለካይሮ ዩኒቨርሲቲ አንድ የዋስትና ዐረፍተ ነገር ብቻ ሰጠ። ስለ ካይሮ ዩኒቨርሲቲ ነጻነት የሚከራከሩ ሁሉ ከምርጫው በፊት ይህን ልዩነት ቢመረምሩት ይጠቅማቸው ነበር።

በጊዛ የሚገኘው ባለ ጉልላቱ አዳራሽና ግቢው ዛሬም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች መናኸሪያ ነው። ከነጂብ ማሕፉዝ እስከ ያሲር ዐረፋት ያሉ ስሞች ከዚህ ወጥተዋል። የግዕዝና የአማርኛ ሊቁ ሙራድ ካሚልም በ1940ዎቹ ወደ አዲስ አበባ የግብፅ የትምህርት ልዑካንን እየመሩ የሄዱት የዚህ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነው ነው። እነዚህን ሰዎች በየዘመናቸው ያስተማሩት በየክፍሉ የቆሙ መምህራን እንጂ በአስተዳደር ሕንጻው የተቀመጡ ፕሬዚዳንቶች አይደሉም። ሉጥፊ በ1935 ለመመለስ ሲደራደሩ ስለ ራሳቸው ወንበር ሳይሆን ስለ መምህሩ የጠየቁት ይህን በመገንዘብ ይመስላል።

አሁን ያሉት ፕሬዚዳንት የሕግ ሰው ናቸው፤ ከላይ የተነሡትን አንቀጾች ከማንም በተሻለ ያውቋቸዋል። የተሰጣቸው የአራት ዓመት ዘመን በ2028 ያበቃል። ሕጉ እስከዚያ ካልተለወጠ ኮሚቴው እንደገና ሦስት ስሞችን መርጦ ለሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ያቀርባል።